አንድ ጥሩ የሀዋይ

«ይክፈቱት» አለ ጥበቃው፣ ረጅሙን ጥቁር ሣጥን በጫማው ጫፍ ነካ እያደረገ።

«ጊታር ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«ጊታር እንዲህ አይከብድም።»

ሽማግሌው በርከክ ብለው ከሣጥኑ መቆለፊያ ጋር ሲታገሉ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ የሬዲዮ ጣቢያውን ደረጃ እየዘለለች ወረደች። የጣቢያው ስልክ አንሺ ናት። ደመወዟ የስልክ ይሁን እንጂ ልቧ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ማንም የማያውቃቸውን ሙዚቀኞች ታድናለች። ሠርግ ላይም ይሁን ታክሲ ውስጥ ደህና ድምፅ ከሰማች ስልኳን አውጥታ ትቀዳለች፤ የሰውዬውንም ቁጥር ሳታፍር ትጠይቃለች። ለዚህ ነው ባልደረቦቿ «ጆሮ» የሚሏት። ስሙን አልጠላችውም። ከአፍንጫ ይሻላል።

«የኔ እንግዳ ናቸው፤ አስገባቸው» አለች እያለከለከች።

«አንቺ ስልክ አንሺ ነሽ እንጂ አስገቢ አይደለሽም።» ጥበቃው ክዳኑን ቀና አድርጎ አየ። ጊታሩ በጀርባው ተንጋሏል፤ ክሮቹ ከእንጨቱ ላይ ከፍ ብለው ተወጥረዋል። «ይሄማ ተበላሽቷል። ክሩ ተነሥቷል እኮ።»

«የሀዋይ ጊታር እንዲህ ነው» አሉ ሽማግሌው በትዕግሥት። «ጭን ላይ አጋድመህ፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተትክ ነው የምትጫወተው።»

«ለምን ይጋደማል? ታሞ ነው?»

«አርጅቶ ነው። አሁን ሁለታችንም መቆም አንችልም።»

ጥበቃው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። በሩም ተከፈተ።

ጆሮ ሣጥኑን ተሸክማ ስትወጣ ጉልበቷ በደስታ ቀሎላት ነበር። የቅዳሜ ከሰዓቱ ፕሮግራም ሊጀመር ጥቂት ቀርቶታል። «አዲስና ነባር» ይባላል፤ ጀማሪዎችንና ስም ያላቸውን ሙዚቀኞች ጎን ለጎን ለአድማጭ ያስተዋውቃል። አዘጋጁ ሰሞኑን «ከእንግዲህ ብሉዝ፣ ሀዋይና ፖፕ ነው የምናመጣው» እያለ ሲፎክር ከርሟል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ጥሩምባ ከግራ ከቀኝ እየጮኸበት ደወለላትና «ለቅዳሜ አንድ ጥሩ የሀዋይ ፈልጊልኝ» አላት። እሷ የሰማችው እንደዚያ ነው።

የሀዋይ ጊታር የሚጫወት ሰው ደግሞ እንደ ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። የጊታር ክር የሚሸጠውን ጠየቀች፤ የሆቴል አትክልተኛ ጠየቀች፤ አንዱ ወደ ሌላው እያመላከታት መጨረሻ ላይ ያገኘቻቸው አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሽማግሌው መካኒክ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ለወጣቶቹ በሻይ ሰዓት ብቅ እያሉ ይጫወቱላቸዋል። ክሩ ላይ የሚያንሸራትቷት ብረት ራሷ ከአሮጌ ሞተር የወጣች አጭር ዘንግ ናት፤ ተወልውላ ተወልውላ መስታወት ሆናለች። ጆሮ አንድ ዘፈን እንኳ ሳታስጨርሳቸው «ቅዳሜ በቀጥታ ሥርጭት ይጫወታሉ አባባ፤ ቃሌ ነው» አለቻቸው። ቃል መስጠት ለእሷ ውሃ እንደ መጠጣት ነው።

ኮሪደሩ ላይ አዘጋጁ ወረቀት እያገላበጠ መጣ። ሽማግሌውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፤ ስንጠብቅዎት ነበር። ጥያቄዎቹን አዘጋጅተዋል?»

«የምን ጥያቄ?»

«ለኮከቧ የሚያቀርቡላትን ነዋ።» ዐይኑ ሣጥኑ ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድነው?»

«ጊታራቸው» አለች ጆሮ።

አዘጋጁ ፈገግታውን ሳያጠፋ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰዳት። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ፈገግታው አለቀ።

«አወያይ ነው ያልኩሽ።»

«እ?»

«አ-ወ-ያ-ይ። ከፖፕ ኮከቧ ጋር የሚደረገውን ውይይት የሚመራ፣ የተማረ፣ አንደበት ያለው ሰው። አንድ ጥሩ አወያይ።»

ጆሮ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። አወያይ። የሀዋይ። በዚያ ሁሉ ጥሩምባ መሀል ልዩነቱን ሰምቻለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይማል።

«እኔ የሀዋይ ነው የሰማሁት። ሀዋይ፣ ሀዋይ ስትል ስለከረምክ...»

«ሀዋይ የሚቀጥለው ወር ነው፤ እሱም ከተቀዳ ሙዚቃ።» አዘጋጁ ግንባሩን አሻሸ። «ጥፋቱስ የኛ ነው፤ ጆሮ ብለን የሰየምንሽ።»

«ከመጡ አይቀር ሁለት ዜማ ቢጫወቱስ?»

«ሰዓቱ ሞልቷል። መጀመሪያ ያ ያመጣሽው የታክሲ ረዳት ብሉዙን ይዘፍናል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ኮከቧ ናት። አወያይ ስለሌለኝ እኔው እጠይቃታለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውዬውን በጨዋ ደንብ ሸኚልኝ። እና ስሚኝ፤ የሙከራ ጊዜሽ ሰኞ ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ ‹ትቆይ ወይስ ትሂድ?› ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። ዛሬ ሌላ ነገር እንዳትሠሪ።»

«ስልክም ላላነሣ ነው?»

«እንዳትቀልጂብኝ።»

አዘጋጁ ወረቀቱን እያርገበገበ ሄደ። ጆሮ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ቀልዱ ከአፏ ወጣ እንጂ ሆዷ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ትምህርቷን ያቋረጠችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ስፌት መኪና ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል ነው የኖረችው። ይሄን ሥራ ያገኘች ዕለት እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ሬዲዮ ገባች» ብላ አወጀች፤ አንዳንዱ እንደ ዜና አንባቢ ያያት ጀመር። ሰኞ ተመልሳ ቁልፍ ስትተክል ቢያዩዋት እናቷ ምን ትላቸዋለች? ወጣች?

እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ሽማግሌው ከረዳቱ ጋር ወሬ ይዘዋል። ረዳቱን ጆሮ ያገኘችው ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ ሲጠራ ነው። ጠዋት ማታ ሲጮህ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ሻክሯል፤ ብሉዝ ደግሞ የሐዘን ዘፈን ነው፣ ለስላሳ ጉሮሮ አይወድም። ለእናቷ «ቅዳሜ ብሉዝ የሚዘፍን ልጅ አለልሽ» ስትላት፣ «ብሉዝ ይሰፋል እንጂ ይዘፈናል እንዴ?» ነበር ያለቻት።

«አባባ፣ ሬዲዮ ላይ ሲቀርቡ የመጀመሪያዎ ነው?» ይላል ረዳቱ፣ እግሩን መሬት ላይ እያንቀጠቀጠ።

«ኧረ እኔ ብዙ ዘመን ቀርቤያለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አላውቅዎትም?»

«ታውቀኛለህ። እኔን ሲሰሙ ሰዎች ሬዲዮናቸውን በጥፊ ይመታሉ።»

«ያን ያህል ይቀፋሉ?»

«ስትሰማ ትፈርዳለህ» አሉና ሳቁ።

ጆሮ በሩ ላይ ቆማለች። «ፕሮግራሙ ስለተቀየረ ነው አባባ፣ ይቅርታ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቷል። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ፀጉራቸውን ተከርክመው መጥተዋል፤ የተዋሱት ኮት እጅጌ እስከ ጣታቸው ስለሚደርስ ለመጫወት እንዳያስቸግራቸው ከወዲሁ አጥፈውታል።

«ምነው ልጄ፣ ተራዬ ደረሰ?»

«አይ... አባባ፣ እኔ ምልዎት...»

«ልጄ ሥራ ቦታዋ አለቃዋን አስፈቅዳ ሬዲዮ ከፍታለች» አሉ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ‹ሬዲዮ ላይ ተጫውቻለሁ› ስላት አታምነኝም። ‹አባዬ ውሸቱን ነው› እያለች ባሏን ስታስቅብኝ ኖራለች። ዛሬ በገዛ ጆሮዋ ትሰማለች።»

የተዘጋጀው ነገር ቁልቁል ተመልሶ ተዋጠ።

«ትንሽ ይጠብቁ» አለች ጆሮ። ወጥታም ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሮጠች።

የእሷ ጠረጴዛ ያለው እዚያ ነው፤ ከቴክኒሻኗ ጀርባ፣ ስቱዲዮውን በሚያሳየው ትልቅ መስታወት ፊት ለፊት። ቴክኒሻኗን ሽቦ ይሏታል። ቀጫጫ ናት፤ ፊቷ ላይ ደስታም ቁጣም አይነበብም፤ መብራት ቢጠፋም ሠርግ ቢሆንም ያው ናት።

ረዳቱ ገባ። ዘፈኑ ራሱ የፈጠረው ነው፤ ማንም በማይወርድበት ቦታ «ወራጅ» ብላ ወርዳ፣ የገንዘቧን መልስ ሳትቀበል ስለቀረች አንዲት ልጅ ይናገራል። የታክሲ በር ስለሌለው ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ ዘፈነ። አዘጋጁ መጀመሪያ ማይክሮፎኑ እንዳይወድቅበት ሲሳቀቅ ቆየ፤ ቀስ በቀስ ግን እሱም ጭንቅላቱን መነቅነቅ ጀመረ። የጆሮ ስልክ ደግሞ እየተከታተለ ጮኸ። «ልጁ ማነው?» «የት ነው የሚሠራው?» አንዷማ «መልሱን እኔ ልቀበለው?» አለች። ጆሮ እየሳቀች መለሰችላቸው። ለጥቂት ደቂቃ ሰኞ ቀርቶ እሑድም የሚመጣ አልመሰላት።

ከዚያ ከኮከቧ ዘንድ ተደወለ። መንገድ ተዘግቷል፤ መኪናዋ ወደፊትም ወደኋላም ማለት አልቻለችም።

ጆሮ በመስታወቱ በኩል ለአዘጋጁ በእጇ ምልክት ሰጠችው። አዘጋጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» ብሎ ዘሎ ወጣና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ኮከቧን ሊለምን ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ከነፈ። ረዳቱም ላቡን እየጠረገ ወጣ። ስቱዲዮው ባዶ ሆነ።

«ማስታወቂያው እያለቀ ነው» አለች ሽቦ። «የተቀዳ ዘፈን ልልቀቅ?»

ጆሮ ባዶውን ወንበር አየች። ኮሪደሩን አየች። አዘጋጁ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን እያወናጨፈ ይለምናል።

«ቆይ» አለች።

«ምን ልቆይ? የሳሙናው ማስታወቂያ ነው የቀረው።»

«ሳሙናው ይበቃናል።»

ወደ እንግዳ ማረፊያው በረረች። «አባባ፣ አሁን» ብቻ ነው ያለቻቸው። ጊታሩን ራሷ ተሸክማ፣ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዛ አስገባች፤ ማይክሮፎኑን ወደ ጭናቸው ዝቅ አደረገች። «ቀዩ መብራት ሲበራ ይጀምሩ።» በሩን ዘግታ ወደ ሽቦ ተመለሰች።

«ማን ፈቀደ?» አለች ሽቦ።

«ማንም።»

«ጥሩ። ሲጠይቁኝ እንደዚያ እላለሁ።» ማይኩን ከፈተችው።

ቀዩ መብራት በራ። ብረቷ ክሩ ላይ ተንሸራተተች፤ ድምፁ ከሩቅ የሚጣራ ሰው ይመስል ረዝሞ ወጣ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ወረደ። ጆሮ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወዲያው ከፈተችው። ይሄን ዜማ ታውቀዋለች። ከየት እንደሆነ ጠፋባት እንጂ ከእናቷ ድምፅ ባልተናነሰ ታውቀዋለች።

የሽቦ እጅ በአየር ላይ ቀርቷል። «የይቅርታው ነው» አለች።

አዎ፣ የይቅርታው ነው። ከድሮ ጀምሮ መስመር በተቋረጠ ቁጥር፣ በየትኛውም ጣቢያ ይሁን፣ ይሄ ዜማ ይለቀቃል፤ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ «ለተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ሰው ሁሉ ዜማውን ሲሰማ ሬዲዮውን በጥፊ ይመታል፤ አንቴናውን ያዞራል፤ ይሳደባል። ጣቶቹ የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። ጆሮ ራሷ ስንቱን የሠርግ ቤት አጫዋች ስታሳድድ ይሄን ጠይቃ አታውቅም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት። በጥድፊያው ማንም አላስተዋወቃቸውም። ከሳሙናው ማስታወቂያ ቀጥሎ የይቅርታው ዜማ። አድማጭ ምን ይበል?

ስልኩ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ጠፋችሁ እንዴ?»

«አልጠፋንም፤ በቀጥታ...»

ተዘጋ። ሌላው ጮኸ።

«ያ ረዳት ይመለሳል? ብልሽቱ ይቆያል?»

«ብልሽት አይደለም ጌታዬ...»

ሌላው።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቷ፣ ከስፌት መኪናው ድምፅ ጋር። «ሬዲዮው ሞተ። ሁለቴ መታሁት።»

«አትምቺው እማ። ሰው ነው የሚጫወተው።»

«ሰው ከሆነ ምነው ይቅርታውን ያጫውታል? ሌላ ዘፈን ጠፋ? ደንበኞቼ ጣቢያ ቀይሪ እያሉኝ ነው።»

«እማ፣ እንዳትቀይሪ። ኋላ እነግርሻለሁ።»

በሩ ተበርግዶ አዘጋጁ ገባ። «ምን ተበላሸ? ኮሪደሩ ድረስ...» መስታወቱን አየ። የኮታቸውን እጅጌ ያጠፉትን ሽማግሌ፣ ጭናቸው ላይ የተጋደመውን ጊታር አየ። «ማን ፈቀደ?»

«ማንም» አለች ሽቦ።

አዘጋጁ ወደ ጆሮ ዞረ። አፉ ተከፈተ፤ የሚናገረው ግን ከመውጣቱ በፊት ስልኩ እንደገና ጮኸ። የስልኩ መስኮት ላይ የበራው የሥራ አስኪያጁ ቁጥር ነው።

«አታንሺ» አለ አዘጋጁ፣ በሹክሹክታ። እጁን ስልኩ ላይ ጫነ። «ቆይ። እናስብ። የሚሰማው መኪናው ውስጥ ነው፤ ብልሽት ነው የመሰለው። ብልሽት ነው በዪው። መስመር ተቋረጠ፣ የይቅርታውን ለቀቅን፣ አሁን ተስተካከለ። አለቀ። ሽቦ ድምፁን ቀስ አድርጋ ትቀንሰዋለች፤ እኔ ገብቼ አድማጭን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኮከቧ ደግሞ በስልክ ትገባለች፤ አሁን ቃል ገብታልኛለች። ማንም አይጠየቅም። አንቺም አትጠየቂም።» ስልኩ ይጮሃል። «ሰኞ ‹ትቆይ› እላለሁ። በእናቴ።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄን ጆሮ ታውቃለች። ነገሩም ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ብቻ። ሽማግሌው ራሳቸው አያውቁም፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ብረቷን ከክር ወደ ክር ያስኬዳሉ። የሚያውቁት ቤታቸው ሲገቡ ነው። ልጃቸው «አዳምጬህ ነበር እኮ አባዬ፤ ጣቢያው ተበላሸ፣ ይቅርታ ጠየቁ» ስትላቸው።

አዘጋጁ እጁን አነሣ። ጆሮ ስልኩን አነሣች። ሽቦ ጣቷን ድምፅ መቀነሻው ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ሳታዞር ትጠብቃለች።

«ምን ተበላሸ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ጆሮ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። «ምንም አልተበላሸም ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ የምሰማው ምንድነው?»

«ቀጥታ ሥርጭት ነው። ዜማውን ድሮ ለሬዲዮ የተጫወቱት ሰውዬ ራሳቸው ናቸው። እዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጠዋል።»

አዘጋጁ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ።

«ፕሮግራሙ ውስጥ አሉበት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የሉበትም።»

«ማን አስገባቸው?»

«እኔ። አዘጋጁ አያውቅም፤ ስልክ ላይ ነበር።»

መስታወቱ ማዶ ሽማግሌው የይቅርታውን ዜማ ጨረሱ። አሁን ዝምታ ቢመጣ የሚናገር ሰው የለም። እሳቸው ግን ብረቷን በኮታቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ሌላ ጀመሩ። ይሄኛው ፈጠን ያለ፣ የሚያሾፍ፣ ክሩ ላይ እየተንሸራተተ የሚስቅ ዜማ ነው። ጆሮ ሰምታው አታውቅም። ማንም ሰምቶት አያውቅም።

«ልጅት፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አሁኑኑ አስወጫቸው። የቀረውን ሰኞ እንነጋገራለን።»

ሽቦ ዞር ብላ አየቻት። ጣቷ አሁንም መቀነሻው ላይ ነው። ጆሮ ራሷን በአሉታ ነቀነቀችላት።

«እሺ ጋሼ» አለች፣ በትሕትና። «ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ።»

ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ መስታወቱ አዞረች።